የላሙ ወደብ ይሠራ፤ የሰው መተዳደሪያ ግን አስቀድሞ ይታሰብ

ለክቡር አዘጋጅ፣

የላሙ ወደብ ለደቡብ ቆላማ ከተሞቻችን ይዞት ስለሚመጣው ዕድል ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛውን እስማማበታለሁ። ጸሐፊው ግን በላሙ ዙሪያ ባሕሩን ተማምነው የሚኖሩትን ዓሣ አስጋሪዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለፏቸው። የጥቂት ሰዎች አቤቱታ የሦስት አገሮችን ሥራ እንዳጓተተ አድርገው ጽፈዋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው። በላሙ ባሕር ዳርቻ የሆነው ነገር በእኛም የግጦሽ ሜዳ ላይ ሊሆን የሚችል ስለሆነ፣ የነጌሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ ሰው ጉዳዩን በደንብ ሊያውቀው ይገባል።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ ነጌሌ ቦረና ውስጥ ከብት ገዝቼ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ወደቡ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ከነጌሌ ገበያ የተገዛ የቦረና ሰንጋ ዛሬ በመኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ አዳማ አካባቢ ማደለቢያ ገብቶ፣ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ነው ባሕር የሚሻገረው። ኪሎው በየመንገዱ ይረግፋል። የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በአንድ በር ተንጠልጥሎ መኖሩ የሚያስከፍለንን ዋጋ እኛ የከብት ነጋዴዎች በየጉዞው እናየዋለን። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል የጋና ዝናቡም የሐገያ ዝናቡም አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ደግሞ የባሰውን አየን። ሰው ሦስት ላም ሸጦ ለቀሩት ድርቆሽ ልግዛ ብሎ ገበያ ያወጣል፤ ገዢ የለም። ላሟ ቆማ መዋል ያቅታታል። ባለቤቱ በጅራቷና በቀንዷ ይዞ ሊያነሳት ይታገላል፤ አላፊ አግዳሚውም ያግዘዋል፤ እንደገና ትወድቃለች። ማታ እዚያው ጥሏት ይሄዳል። ቅርብ ወደብና ፈጥኖ የሚገዛ ገበያ ቢኖረን ኖሮ ድርቁ ከመክፋቱ በፊት የተሸጠው ከብት ብዙ ቤት ባዳነ ነበር። ስለዚህ ማንም ተነስቶ የልማት ጠላት ሊለኝ አይችልም።

አሁን ወደ ላሙ ልምጣ። ላሙ በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ ያለች የስዋሂሊ ደሴት ናት፤ ጥንታዊ ከተማዋ በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የወደቡ ሥራ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ሲጀመር የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በቦታው ተገኝተዋል። ዕቅዱ ታላቅ ነው፤ 32 የመርከብ ማረፊያ፣ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ወደ እኛ የሚዘልቅ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ።

ማንዳ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ግን ወደቡ ከመምጣቱ በፊትም ባዶ አልነበረም። የላሙ ሰው በሸራና በትንንሽ ጀልባ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በማንግሮቩ ሥርና በኮራሉ ዙሪያ ዓሣና ሎብስተር ሲያሰግር የኖረ ነው። ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ውኃው ደፈረሰ፤ የማስገሪያው ቦታም ተያዘ። ወደ ጥልቁ ባሕር ሂዱ ቢባሉ፣ ያቺ ጀልባ የጥልቁን ባሕር ማዕበል አትችልም። ሞተርና ትልቅ ጀልባ የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ የላቸውም።

አቤት አሉ። በ2004 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርዱን ያገኙት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ነው። በማሊንዲ የተሰየመው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕዝቡ በቂ መረጃ እንዳልተሰጠውና በአግባቡ እንዳልተማከረ፣ በንጹሕ አካባቢ የመኖር፣ የባህልና በነባር መንገድ ዓሣ የማስገር መብቱም እንደተጣሰ ፈረደ። ለ4,600 ያህል ዓሣ አስጋሪዎችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ይህ ጥቂት ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ እንዳለው ስናስብ ደግሞ አንድ ከተማ ነው። ጸሐፊው ይህን ፍርድ አለማንሳታቸው ጽሑፋቸውን ጎዶሎ አድርጎታል።

ገንዘቡ ብዙ ይመስላል። ተካፍሎ ሲታይ ግን ለአንድ ሰው ከ380 ሺህ ሽልንግ ጥቂት ከፍ የሚል፣ አንድ ጊዜ ተቀብሎ የሚያልቅ ነገር ነው። የጠፋው ግን አባትም ልጅም በየቀኑ ሲበሉበት የኖሩበት ቦታ ነው። የወደቡ የመጀመሪያ ማረፊያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓሣ አስጋሪዎቹ ያንንም ካሳ ገና እየጠበቁ ነበር። ከፍርዱ በኋላ በተደረሰ ስምምነት ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በጀልባና በማስገሪያ መሣሪያ እንዲሆን ተወሰነ። በእኔ እምነት ይህ ስምምነት ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ ኖሮ ጀልባው ቀድሞ ይደርስላቸው ነበር፤ ባሕሩ በተዘጋባቸው ዕለት ሰዎቹ ጥልቁን ባሕር ተለማምደው በጠበቁ ነበር። ካሳ ሲዘገይ ሰውየው ይበደራል፤ ጀልባውን ይሸጣል፤ ልጁ ትምህርት ያቋርጣል። በመጨረሻ የሚመጣው ገንዘብ ዕዳ ከመክፈል አያልፍም።

የላሙ ዓሣ አስጋሪ ለባሕሩ የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት የለውም። ቦታው የእሱ መሆኑን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። የእኛስ ሜዳ ምን ማስረጃ አለው? በሞያሌው አውራ ጎዳና የሄደ ሰው ድቡሉቅን ያውቃታል። ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ከኤላዎቹ፣ አንዱ እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ደግሞ ወጣቶች በጥልቁ ጉድጓድ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ፣ ውኃው ከጭቃ በተሠራው ገንዳ ሲንቆረቆር፣ ከብቱም ተራ ተራውን በተቆፈረው መውረጃ ሲወርድ ይመለከታል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚያዘው አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ነው ውኃ የሚያገኘው፤ አንድ መንጋ ተራው ካለፈው ችግር ነው። ኤላው ብቻውን ግን ምንም አይሠራም። ኤላውን ኤላ የሚያደርገው ከብቱ የሚመጣበት መንገድ፣ ከሩቅ የሚሰማራው የፎራ መንጋ ሜዳ፣ ለጥጃ የሚከለለው ካሎ ጭምር ነው። ከመሃሉ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይሞታል። ቀያሽ በበጋ እኩለ ቀን መጥቶ ሲያይ ግን የሚታየው አቧራና እሾህ ብቻ ስለሆነ «ባዶ መሬት» ብሎ ይመዘግባል። በማንዳም የሆነው ይኸው ነው፤ ውኃ አዩ፣ ባዶ ነው አሉ።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ደካማ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 43 ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ሐሳቡ እንዲጠየቅ፣ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም መተዳደሪያው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኝ ያዛሉ። የካሳ አዋጁም፣ ቁጥር 1161/2011፣ የወል መሬት ሲወሰድ የጠፋው ጥቅምና መተዳደሪያ እንዲታሰብ ይፈቅዳል። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ለቤትና ለቡና ዛፍ ግምት ማውጣት ይቀላል። የተቆረጠ የከብት መንገድ ግን ማን ይገምተዋል? በየትኛው ቅጽ ላይስ ይሞላል? ይህን መንገድ ዛሬ፣ ሐዲድና ቧንቧ ገና በወረቀት ላይ ሳሉ፣ ካልመዘገብነው በኋላ የሚጠይቅልን አይኖርም።

«ሁሉን ካማከርን መቼ ልንሠራ ነው?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጊዜ ያልፋል፣ ድርቅም ይመጣል። ግን መልሱን እዚያው ላሙ እናገኘዋለን። በወደቡ አጠገብ ሊሠራ የታሰበው 1,050 ሜጋ ዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ፈቃዱ ተሰርዟል። የኬንያ የአካባቢ ጉዳዮች ዳኝነት አካል ካነሳቸው ምክንያቶች ዋናው ሕዝቡ በአግባቡ አለመማከሩ ነበር። ምክክሩን የዘለለው ፕሮጀክት ጊዜ አላተረፈም፤ ጭራሹን ቀረ። ወደ ቤታችንም ስንመጣ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሥራው የታገደው ነዋሪው በጤናውና በከብቱ ላይ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ወርቁ ለዓመታት ከምድሩ ሲወጣ ኖሯል፤ የሰው ጥያቄ የተሰማው ግን መንገድ ሲዘጋ ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ልጆቻችን እንዲለምዱት አልፈልግም።

ምክክር የት ይደረጋል ለሚለው ደግሞ መድረኩ አለን። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ጨፍረናል። የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ሲሰበሰብ ስለ ውኃ፣ ስለ ሣርና ስለ ድንበር ሕግ ይደነግጋል፤ የድሮውንም ያጸናል። ከፕሮጀክቱ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ካርታውን ይዞ እንዲህ ባለው ጉባኤ ፊት ቢቆምና በሚገባን ቋንቋ ቢያስረዳ፣ በከተማ አዳራሽ ተፈርሞ ከሚመለስ የተሳታፊዎች ዝርዝር መቶ እጥፍ ይበልጣል። የጉጂ፣ የቦረና፣ የገሪና የገብራ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቢጠሩ ደግሞ ነገ በመሬቱ የተነሳ ሊመጣ የሚችለውን ግጭትም አስቀድሞ ያረግባል። ሞያሌ በግጭት ስንት ጊዜ እንደተዘጋች የከብት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

መንገዱ ሲመጣ የሚጠቀመው ማን እንደሆነም እንነጋገር። ኅዳር 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ ሲመረቅ ለእኛ ትልቅ ቀን ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ተዘርግቶ አልቋል፤ ሞያሌ ያለው ነጋዴ ለውጡን አይቶታል። ነጌሌ ግን ከዋናው መስመር ወጣ ብላ ያለች ከተማ ናት። ወደ አሬሮና ወደ ያቤሎ የሚያወጣን መንገድ ካልተሻሻለ፣ ነጌሌ ላይ የእንስሳት ማቆያና የጤና ምርመራ ጣቢያ ካልተሠራ፣ ወደቡ በአጠገባችን አልፎ ለሌላው ይሆናል። መሬቱን የሚሰጠው ቆላ፣ ትርፉን የሚቆጥረው ሩቅ ከተማ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የላሙ መስመር ወደ እኛ ሲዘልቅ የከብት መንገዶች፣ ኤላዎችና የበጋ ግጦሾች ከቀያሹ ሥራ በፊት በሽማግሌ እየተመሩ ይመዝገቡ። ካሳው ገንዘብ ብቻ አይሁን፤ የተቆረጠ መንገድ በመሻገሪያ ድልድይ፣ የተወሰደ ውኃ በውኃ ይተካ፤ ይህም ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ተሠርቶ ይለቅ። ለእናንተም ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ወደቡ ቀጥሎ ስትጽፉ ዘጋቢያችሁን ከአዲስ አበባ አዳራሽ አውጥታችሁ ወደ ድቡሉቅ፣ ወደ አሬሮ፣ ወደ ነጌሌ ገበያ ላኩት፤ ከተቻለም እስከ ላሙ ይዝለቅ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ካሳቸውን ተቀብለው ዛሬ በምን እንደሚኖሩ ጠይቆ ይጻፍልን። እኛም አንብበን የምንፈርመውን አውቀን እንድንፈርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከብት ነጋዴ፣ ከነጌሌ ቦረና