«ዘይቱን አየኸው?»

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪና ስለ ቁጠባ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከጓዳ ወጥተን ግቢ ውስጥ ወደ ቆመችው አሮጌ መኪናችሁ እንሄዳለን። «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ባልና ሚስት አብራችሁ ብታነቡት ይበጃል። ለምን እንደሆነ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ሠርግ ከጎባ ተነሥተን በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና ልንወርድ ነበር። መኪናችን ከትዳራችን በዕድሜ የምትበልጥ የቤንዚን ፒክአፕ ነበረች። ሲነጋ ባለቤቴ ልጆቹን እያለባበሰች «ዘይቱን አየኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ባለፈው ተቀይሯል» አልኳት። ያ «ባለፈው» ያልኩት ስምንት ወር እንዳለፈው ልብ አላልኩም። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። ሠርጉ እንዳያመልጠን ቸኩዬ ስለነበር «ሜዳው ላይ ስንደርስ አያለሁ» ብዬ ነዳጅ ረገጥኩ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይንኳኳ ነበር።

ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት ብሮንዚኖቹ ተበልተዋል። ለቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ያጠራቀምነው ገንዘብ በሙሉ ለሞተር ጥገና ዋለ። ባለቤቴ አልተቆጣችኝም፤ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጋራዡ ሒሳብ ይልቅ ከበደኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ደግሞ ዛሬ ላካፍላችሁ።

አሮጌ መኪናን መጠበቅ ድሮም ብልህነት ነበር። ዛሬ ግን ግዴታ ወደ መሆን ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችንን የነዳጅ መኪና በእጃችን እንዳለች በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። የሞተርን ዕድሜ ከሚያስረዝሙት ነገሮች ሁሉ ደግሞ በርካሽ የሚገኘው ዘይት ነው።

በጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ

ዘይት ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥሩን ይሁን፤ ለምሳሌ 20 ደብሊው 50፣ 15 ደብሊው 40፣ 10 ደብሊው 40። «ደብሊው» የምትለው ፊደል ክረምትን፣ ማለትም ብርድን ታመለክታለች። ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈሳል። ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል።

ቀጥሎ «ኤ ፒ አይ» ከሚለው አጠገብ ያሉትን ሁለት ፊደላት ተመልከቱ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ከ«ኤስ» በኋላ ያለው ፊደል ወደ ፊደላቱ መጨረሻ በተጠጋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ «ኤስ ኤል» ከ«ኤስ ኤፍ» ይሻላል። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ካለ ግን ከእኔም ከጎረቤትም ምክር በፊት እርሱን አድምጡ።

ለሮቤና ለጎባ የትኛው ይስማማል?

ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረች መኪና መስታወቷ አመዳይ ለብሶ የምታገኙበት ጊዜ አለ። ሞተር ደግሞ ክፉኛ የሚበላው ጠዋት ሲነሣ ነው፤ ሌሊቱን ወደ ታች የወረደው ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ስለዚህ ሞተሩ ገና ጤነኛ ለሆነ የቤንዚን መኪና 15 ደብሊው 40 ወይም 10 ደብሊው 40 ለደጋችን ይስማማል። ለናፍጣ መኪና ደግሞ በ«ሲ» የሚጀምር ምልክት ያለው 15 ደብሊው 40 ይሁን።

«እኛ ግን ሁልጊዜ 20 ደብሊው 50 ነው የምንጠቀመው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስሕተት አይደለም። ፋሻው ላላ ብሎ ዘይት ለሚበላ ሞተር፣ እንዲሁም አዘውትሮ ወደ ደሎ መና ቆላ ለሚወርድ ሰው ወፍራሙ ዘይት ይረዳል። ብርድ ላይ ግን ለመፍሰስ ስለሚዘገይ፣ ጠዋት አስነሥታችሁ ወዲያው ሞተሩን አታስጩኹት። ጥቂት ጊዜ ስጡት፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ንዱ።

ከውድ ዘይት ይልቅ እውነተኛ ዘይት ይሻላል። ክዳኑ የተነካካ ወይም ቀለበቱ የተፈታ ጣሳ አትግዙ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ሁሉ እጅግ ከረከሰባችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «5,000 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ቁጥር እንይዝና ሌላውን እንረሳለን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሄዳችሁበትን ርቀት እንጂ ሞተሩ የደከመውን ድካም አይቆጥርም። በባሌ ደጋ ዘይትን ቶሎ የሚያስረጁ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ከፍታው ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር አንድ ሦስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ግን የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ መቀነስ አታውቅም። ሳይቃጠል የተረፈው ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ሁለተኛው አጭር ጉዞ ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ትምህርት ቤት ብቻ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይግል ይጠፋል። በውስጡ የሚፈጠረው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል።

ሦስተኛው አቧራ ነው። በሲናናና በአጋርፋ በኩል የስንዴ አጨዳ ሲጀመር ኮምባይነሩ የሚያስነሣውን ታውቃላችሁ። የአየር ማጣሪያው ከተደፈነ ወይም ከተቀደደ ያ አቧራ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይሠራል። ዘይት ስትቀይሩ ማጣሪያውንም አውጥታችሁ እዩት።

አራተኛው ጊዜ ራሱ ነው። የቆመች መኪና ዘይትም ያረጃል።

ስለዚህ ተራውን ዘይት ለምትጠቀሙ የኔ ምክር ይህ ነው፤ አብዛኛው ጉዞአችሁ በአስፋልት ረጅም መንገድ ከሆነ በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከተማ ውስጥ በአጭር በአጭሩ ወይም በአቧራና በዳገት ከሆነ በ3,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። ቁጥሩ ባይሞላም ስድስት ወር አታሳልፉ። ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማለት ንጹሕ ልብስ ባልታጠበ ገላ ላይ እንደ መልበስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጨመር መቀየር አይደለም። «በየጊዜው ስለምጨምርበት አዲስ ነው» የሚል ሰው ቆሻሻውን ከውስጥ አላወጣም።

በሳምንት አምስት ደቂቃ

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ መለኪያውን ዘንግ አውጡ። በጨርቅ ጠርጋችሁ መልሳችሁ ክተቱና ደግማችሁ አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት ስላለው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።

ከቀነሰ የት እንደሄደ ጠይቁ፤ ከመኪናዋ ሥር ያንጠባጥባል ወይስ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል? በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል የምትበላ ከሆነ ለመካኒክ አሳዩ። ሳትጨምሩበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራተሩ ይታይ። ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ በብርድ ወራት ከአጭር ጉዞ የመጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩም ውኃ አብሮ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታው ጋስኬት ሳይሆን አይቀርምና መኪናዋን አታንቀሳቅሷት።

ቀይዋ መብራት በጉዞ ላይ ከበራች እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። መብራቷ የምትናገረው ዘይት ወደ ሞተሩ በግፊት አለመድረሱን ነው፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ደቂቃ ብረት ይበላል።

አሮጌው ዘይት የት ይድረስ?

ከሞተር የወጣ ዘይት በቦይ ውስጥ ወይም በሜዳ አይደፋም። የባሌ ተራሮች የብዙ ወንዞች መነሻ ናቸው፤ ወይብ ወንዝ ከዚህ ተነሥቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ብሔራዊ ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከታች ያለው ወገናችን የሚጠጣው እኛ ከላይ የለቀቅነውን ነው። በጄሪካን አጠራቅማችሁ ለሚቀበል ጋራዥ አስረክቡ። ልጆች እንዳይነኩት ጠብቁ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ደብተሩ

በመጨረሻ በእኛ ቤት የተለወጠውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የአስቤዛ ወጪ ከምትጽፍበት ደብተር ኋላ አንድ ገጽ ለመኪናዋ ሰጠች። የተቀየረበት ቀን፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፤ አራት መስመር ብቻ ነው። የዘይቱንም ገንዘብ በየወሩ በጥቂቱ ለብቻው እናስቀምጣለን፤ ቀኑ ሲደርስ ከአስቤዛ ላይ አይነጠቅም፤ ጭቅጭቅም የለም።

ሚስቶች ሆይ፣ «ዘይቱን አየኸው?» ማለታችሁን አታቁሙ። ባሎች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ንዝንዝ መስሎ አይታያችሁ። «ባለፈው» ብላችሁም አትመልሱ። ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ አይታችሁ መልሱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላማችሁ ይብዛ።