ለጓሳ ካምፒንግ የትኛውን የጋዝ ምድጃ ልግዛ? መጀመሪያ የት እንደምታነዱት ወስኑ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው። "ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ሄደን ልናድር ነው። ትንሽ የጋዝ ግሪል ልገዛ ነበር፤ ባለ አንድ እሳት ይሻላል ባለ ሁለት? ብርዱ ከባድ ነው ስለሚሉ ሌሊት ድንኳኑንም ያሞቅልናል ብለን ነው።"

እኔ ሐኪም እንጂ የምድጃ ነጋዴ አይደለሁም። ጥያቄው ስለ አንድ እሳትና ስለ ሁለት እሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻጮቹን ጠይቅ ብዬ አልፈው ነበር። ያስደነገጠችኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለካምፒንግ ጋዝ ከከሰልም ከእንጨትም ይሻላል፤ ግዙ። ነገር ግን የገዛችሁት ማብሰያ እንጂ ማሞቂያ አይደለም። ከድንኳኑ በር ወደ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

"ጋዝ እኮ ንፁህ ነው"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጋዝ እንደ ከሰል አይጨስም፣ ድስት አያጠቁርም፣ ዓይን አያቃጥልም። ስለዚህ አይጎዳም ብለን እንደመድማለን። ግን ሰው የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ከሰልም ሆነ ጋዝ ወይም ላምባ፣ የሚነድ ነገር ሁሉ በቂ አየር ሲያጣ ይህን መርዝ ያወጣል።

ክረምት ላይ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም ታሪኩን ያውቀዋል። ቡና ተፈላ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ፣ ማንደጃው መኝታ ቤት ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ጠዋት ጎረቤት አንኳኩቶ መልስ አጣ። ቤተሰብ ሁሌም የሚለው አንድ ነው፦ "ዶክተር፣ ከሰሉ እኮ ፍም ሆኖ ነበር፤ ጭስ አልነበረውም።" ጭስ አለመኖሩ ነው ያዘናጋቸው። ጋዝ ደግሞ ከዚያም በላይ ያዘናጋል።

"ቢያፈስ ይሸተኛል" የምትሉም አላችሁ። ያ ሽታ ሌላ ነው። የቡታጋዝ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል ሲሆን፣ ያልተቃጠለ ጋዝ እየፈሰሰ መሆኑን ይነግራችኋል። ጋዙ ሲቃጠል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይነግራችሁም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በታክሲ ላስረዳችሁ። ኦክሲጅን የሚጓዘው ሄሞግሎቢን ላይ ተሳፍሮ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ወንበር ይዞ አልወርድም ያለ ተሳፋሪ ማለት ነው። ኦክሲጅን ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አንጎልና ልብ እየጠበቁት ይታፈናሉ።

ጓሳ ላይ ለምን ይብሳል?

አንደኛ፣ ከፍታው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነታችን ገና ሳይመረዝ የሚያገኘው ኦክሲጅን አዲስ አበባ ላይ ከሚያገኘው ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ ያሳስታል። ከፍታ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም የተለመደ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝም የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በድካም ነው። "ከፍታው ነው፣ ተኛ ይለቅሃል" የተባለ ሰው ላይነሳ ይችላል። አረቄ ሞቅ ካደረገው ደግሞ ምልክቱን ጭራሽ አይለየውም።

ሦስተኛ፣ ብርዱ። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሰው ዚፑን እስከ ላይ ይዘጋል፣ የአየር መግቢያዋን በልብስ ይደፍናል። ከዚያ ምድጃውን "ትንሽ ደቂቃ ብቻ" ብሎ ይለኩሳል። ሙቀት ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል።

"የመንዝ ገበሬ ቤቱ ውስጥ እሳት አንድዶ አይደል የሚያድረው?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን የሣር ክዳን ቤት ጣሪያው ይተነፍሳል፤ ጓሳ የምንለው ሣር ራሱ ቤት የሚከደንበት ነው። የእናንተ ድንኳን ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ስፋቱም ከአልጋ ብዙም አይበልጥም። ደግሞ ያ ቤት ውስጥ ያለው ጭስም ቢሆን የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ሲጎዳ ነው የኖረው። ይህንንም እንደ ማስረጃ አታቅርቡልኝ።

እሺ፣ ምን ዓይነት ልግዛ?

1. ለሦስትና ለአራት ሰው ባለ አንድ እሳት ይበቃል። ከእሳቱ ቁጥር ይልቅ አቋቋሙን እዩ። አጭር፣ እግሩ ሰፊ፣ ድስት ሲጫንበት የማይወዛወዝ ይሁን። የተገለበጠ ድስት ካምፕ ላይ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል።

2. የጋዙን ዓይነት ቆርቆሮው ላይ አንብቡ። ቡቴን ብቻ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ግፊቱ ይደክማል፤ የጠዋት ቡናችሁ ላይ እሳቱ ያንቀላፋባችኋል። ብዙ ሰው ምድጃውን ወደ ድንኳን የሚያስገባው ያኔ ነው። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ብርድን በደንብ ይቋቋማል። ካጣችሁ ቆርቆሮውን በጋቢ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። እሳት አጠገብ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

3. ቆርቆሮው በጎን በኩል የሚገባበት ምድጃ ከገዛችሁ ሰፊ ብረት ምጣድ አትጣዱበት። ምጣዱ ቆርቆሮው ላይ ከተዘረጋ ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ምድጃ አጠጋግቶ አንድ ትልቅ ምጣድ መጣድም ያው ነው።

4. የጓሳ ንፋስ ቀልድ አያውቅም። የንፋስ መከላከያ ያለው ይሁን። ግን ምድጃውን ከነቆርቆሮው ዙሪያውን በፎይል አትክበቡት።

5. በጎማ የሚገናኝ ሲሊንደር ከያዛችሁ ጎማውንና ሬጉሌተሩን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። አረፋው እየነፈሰ ካደገ ያፈሳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ወርዶ ይጠራቀማል። ፍተሻውን ከጉዞው በፊት ግቢያችሁ ውስጥ አድርጉት።

6. እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም። ሰማያዊ ነው ማለት ግን ድንኳን ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም።

7. ጋዝ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ወይም 89 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ምግብ ለመብሰል ይዘገያል።

"እዚያው እንጨት ለቅመን እናነዳለን" የምትሉ፣ ተዉት። ያ ሜዳ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖርበት፣ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና እንጨቱ መቼ እንደሚለቀም በራሱ ሕግ እየወሰነ ያቆየው ነው። ለአንድ ሌሊት የመጣ እንግዳ አይቆርጥበትም።

ብርዱንስ ምን እናድርገው?

ባለ ሁለት እሳት ለመግዛት ያሰባችሁትን ተጨማሪ ብር ለሙቀት አውሉት። መንዝ የበግ ሱፍ አገር ነው። ባናውም በርኖሱም ለዚያ ብርድ የተሠራ ነው፤ ከነዋሪው ብትገዙ ለእሱም ገቢ ነው። ከታች ፍራሽ አንጥፉ፤ ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይመጣል። ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ለሌሊት ለይታችሁ አስቀምጡ። ውጭ ያፈላችሁትን ውሃ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና እግራችሁ ሥር አድርጉት። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ ያው ጋዝ ነው።

አንድ ነገር ከተጠራጠራችሁ

ድንኳን ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ወይም ሕመሙ ውጭ ሲወጣ ቀለል ካለው፣ ከፍታው ነው አትበሉ። ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ። ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛ። ወተትም ሎሚም ውሃም በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው። ቅርቡ መሃል ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ለሐኪሙም "ድንኳን ውስጥ እሳት ነበር" ብላችሁ ንገሩት። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይረዋለች።

በኮቪድ ጊዜ የገዛናት የጣት ኦክሲጅን መለኪያ እዚህ ላይ አታድንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክሲጅን የያዘ አስመስላ 98 ልታሳያችሁ ትችላለች። ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እዩ።

ለጠየቀኝ ወንድሜ የመለስኩለት ይህንኑ ነው፦ ባለ አንዱን ግዛ፣ በተረፈው ብር ባና ግዛ፣ እሳቱን ውጭ አጥፋና ግባ። መንገዱ ሰላም ሆኖላችሁ ስትሄዱ ጓሳን በደንብ እዩልኝ። ጠዋት ሁላችሁም ከድንኳኑ ስትወጡ ጭላዳዎቹም ከገደሉ ወደ ሜዳው ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ።

የጉዞ ግሩፕ ያላችሁ ይህን እዚያ ሼር አድርጉት። ምድጃውን የያዘው ሰው ማንበቡንም አረጋግጡ።