«እውነተኛ እጅ ጓንት አይፈልግም» የሚሉትን ተዉአቸው

ወዳጆቼ፣ በተለይ ከእኔ ጋር ስፌት የተማራችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምጽፈው ስለ ጓንት ነው። አዎ፣ ስለ ጓንት። በፍሪ ሞሽን ኩዊልት ስትሠሩ ጨርቁን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ጣቱ ላይ ላስቲክ ስላለው ጓንት። «ይሄ ደግሞ ምኑ ያጽፋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያጽፋል። ምክንያቱም በዚህች ትንሽ ነገር ሰበብ ሰዎች እጃቸውን ሲጎዱ፣ ሲያፍሩ፣ ከዚያም አልፎ የሚወዱትን ሥራ ሲተዉ እያየሁ ነው።

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ የተቀጣጠለው ጨርቅ፣ መሐል ባቲንግ የሚባለው የጥጥ ወይም የፖሊስተር ንጣፍ፣ ከሥር ደግሞ ገበሩ። የእኛው የድሪቶ ዘመድ ነው በሉት። እኛ ድሪቶን ከድህነት ጋር አያይዘን ስናፍርበት ኖርን፤ እዚህ አሜሪካ ዘመዱን ሙዚየም ውስጥ ሰቅለውታል። ሦስቱን ንብርብር አንድ የሚያደርገው ስፌት ነው ኩዊልቲንግ የሚባለው።

በተለመደው ስፌት ጨርቁን የሚስቡት ከማሽኑ እግር ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው። በፍሪ ሞሽን ግን ጥርሶቹን ዝቅ እናደርጋቸዋለን ወይም እንሸፍናቸዋለን። ያኔ ማሽኑ መርፌውን ከማመላለስ በቀር ጨርቁን የትም አይወስደውም። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደጎን የሚወስደው የእናንተ እጅ ነው። እስክሪብቶው አንድ ቦታ ቆሞ ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ አስቡት፤ እንደዚያ ነው። የስፌቱ ርዝመትም የሚወጣው ፔዳል ከሚረግጠው እግርና ጨርቁን ከሚመራው እጅ ስምምነት ነው። እጅ ሲፈጥን ስፌቱ ይረዝማል፣ እጅ ሲያመነታ ስፌቱ ይጠጋጋል። እጅ ካንሸራተተ ደግሞ ክቡም ክብ አይሆን፣ ቅጠሉም ቅጠል አይሆን።

እንግዲህ እጅ ጨርቁን የሚይዝበት መንገድ የሙያው ግማሽ ነው ማለት ነው። ታዲያ በምን ሂሳብ ነው ስለ መያዣ ማሰብ «የጀማሪ ነገር» የሚሆነው?

ይሄ «እውነተኛ» የሚሉት ነገር አዲስ አይደለም። ኩዊልት በእጅ ካልተሰፋ ኩዊልት አይደለም፣ በማሽን የሚሠራ ሰው አቋራጭ ፈላጊ ነው የሚባልበት ዘመን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ፓዱካ፣ ኬንታኪ ላይ በተደረገው የአሜሪካ ኩዊልተሮች ማኅበር ውድድር የካሪል ብራየር ፋለርት «ኮሮና 2፦ ሶላር ኢክሊፕስ» የተባለው ሥራ ከሁሉም በላይ የሆነውን ሽልማት ወሰደ። በማሽን ተኩዊልቶ ያንን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። ዛሬ እዚያው ፓዱካ ውስጥ ባለው የኩዊልት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ትናንት «ማሽን ማጭበርበር ነው» ይባል ነበር። ዛሬ እነዚያው በማሽን የሚሠሩት ዞረው «ጓንት ማጭበርበር ነው» ሲሉ አያስቅም? ሁልጊዜ አንድ ሰው በሩን ገብቶ ሲያበቃ ከኋላው ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጨርቁ ከእጃችን ሲያመልጥ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ወደታች እንጫናለን። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በተጫንን ቁጥር ጨርቁ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። ለመግፋት ብለን የምንገፋውን ነገር ራሳችን እናከብደዋለን። መኪና ውስጥ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ እንደመርገጥ ማለት ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ግን እያቃሰተ ነው።

ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? መጀመሪያ አውራ ጣት። ከዚያ የእጅ አንጓ። ከዚያ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣና ማጅራት ይደርቃል። አንድ ሰዓት ሠርተው «ደከመኝ» የሚሉት አብዛኞቹ ኩዊልቱ አይደለም ያደከማቸው፤ መጫኑ ነው። ጣቱ ላይ ላስቲክ ያለው ቀጭን ጓንት ያን መጫን ያስቀራል። ነካ ብታደርጉት ይይዛል። የምትፈልጉት ከላይ የሚይዝ፣ ከሥር የሚንሸራተት ነገር ነው። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

«ጓንት ካደረግሽ ጨርቁ አይሰማሽም» ይላሉ። ወፍራም ከሆነ እውነታቸውን ነው። ለክረምት የሚደረገውን ወይም ዕቃ የሚታጠብበትን ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ አላልኩም። እኔ የምለው ከሱፍና ከቆዳ ሳይሆን ከቀጭን ናይለን የተሠራውን፣ ጫፉ ብቻ ላስቲክ የተቀባውን ነው። በእሱ ውስጥ ስፌት የተደራረበበት ቦታ ራሱ ይሰማል።

«ልማድ ይሆንብሻል» ይላሉ። ይሁና! መነጽርም ልማድ ነው። መነጽር ላደረገ ሰው «አውልቀህ አንብብ፣ ዓይንህ ይለምድ» የሚል አስተማሪ አይታችኋል? የሐበሻ ቀሚስ በማሽን የሚጠልፉትን ባለሙያዎች ተመልከቱ። ጨርቁን በክብ ፍሬም ወጥረው፣ ፍሬሙን ይዘው ነው ከመርፌው ሥር የሚያዞሩት። ያ ፍሬም ጨርቁን ይወጥራል፤ ግን ለእጅም መያዣ ነው። ማንም ሰው ቆሞ «ፍሬሙን ጣለውና በባዶ እጅህ ጥለፍ፣ ያኔ ባለሙያ እልሃለሁ» አላለም። ኩዊልት ግን ፍሬም ውስጥ ሳይወጠር፣ ጥቅልል ብሎ፣ ከነክብደቱ ነው የሚገፋው። ይሄኛው ነው እንዲያውም ይበልጥ መያዣ የሚያስፈልገው።

«የድሮ ሰዎች በባዶ እጃቸው ነበር የሚሠሩት» ይላሉ። የድሮ ሰዎች ብዙ ነገር አድርገዋል። ሲያማቸው ግን ማን ጠየቃቸው?

እውነት ለመናገር ጓንት የማያስፈልገው ሰው አለ። መዳፏ በተፈጥሮው ወዛም ያልሆነ፣ ደረቅም ያልሆነ፣ ትንሽ ቁራጭ ላይ የምትሠራ ሴት በባዶ እጇ ደስ እያላት ልትሠራ ትችላለች። ትሥራ! እኔ ማንንም ጓንት ልበሱ ብዬ አላስገድድም። የምቃወመው የራሷን እጅ ዕድል ለሌላው ሕግ የምታደርገዋን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሻጮቹ ልዙር፤ እነሱም አያመልጡኝም። አንድ ጓንት ገዝታችሁ እጃችሁ እንደሚፈታ፣ ክቡ እንደሚስተካከል፣ ትከሻችሁ እንደሚድን የሚነግሩ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። ውሸት ነው። የኩዊልቱ ክብደት ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ወደታች እየጎተተ ከሆነ የዓለም ጓንት ሁሉ አያድናችሁም። መጀመሪያ ከማሽኑ በስተግራና ከኋላ ጠረጴዛ አስጠጉና ክብደቱን አሳርፉት። ወንበራችሁን ክርናችሁ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አድርጉ። የክር ውጥረት የተበላሸ እንደሆነም ጓንት አያስተካክለውም። ከሁሉም በላይ ይሄን ስሙኝ፦ ጓንት ከመርፌ አይከላከልም። መርፌ ጓንቱንም ጣቱንም አብሮ ነው የሚወጋው። ጣታችሁን ከመርፌው አርቁ፣ እጃችሁን ለመቀየር ስትፈልጉ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ አቁሙ፣ ከዚያ ነው እጅ የሚነሳው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? በየእጃችሁ ልንገራችሁ።

መዳፋችሁ ደረቅ ሆኖ ጨርቅ የሚያመልጣችሁ ከሆነ ጫፉ የተቀባውን የናይለን ጓንት ሞክሩ። ዋናው ነገር ልኩ ነው። ጫፉ ላይ ትርፍ ጨርቅ ካለ ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ መርፌ አካባቢም አደገኛ ነው። የሚጠብቅ እንጂ የሚላላ አትግዙ። ለኩዊልት ተብሎ የሚሸጠው ውድ መስሎ ከታያችሁ የአትክልት ሥራ ጓንቶች ውስጥ ቀጭኑንና መዳፉ የተቀባውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ላቲክስ የሚቆጣው ቆዳ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ አንብቡ።

እጃችሁ የሚያልባችሁ፣ ወይም ክር ለመቁረጥና ለማስገባት በየደቂቃው ጓንት ማውለቅ የሚያናድዳችሁ ከሆነ፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያደርጉትን የላስቲክ የጣት ሽፋን ግዙ። ከእያንዳንዱ እጅ ሁለት ሦስት ጣት ላይ ብቻ አጥልቁት። ርካሽ ነው፣ እጅም ይተነፍሳል። ጓንት ያላችሁም ብትሆኑ የአውራ ጣቱንና የጠቋሚ ጣቱን ጫፍ ቆርጣችሁ መጣል ትችላላችሁ፤ ክር በባዶ ጣት ይያዛል፣ የቀሩት ጣቶች ጨርቁን ይይዛሉ።

ጣታችሁን ማጠፍ የሚያማችሁ፣ መገጣጠሚያ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ ጓንት ላይ ሙጭጭ አትበሉ። ከሥሩ ላስቲክ ያለው፣ ጨርቁ ላይ የሚቀመጥ ክብ ወይም ባለእጀታ መያዣ አለ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ታሳርፉበታላችሁ፤ መቆንጠጥ የለም። ጉድለቱ በየተወሰነ ቦታ ቆም ብሎ ማንሳትና ማዛወር መፈለጉ ነው። ጠባብ ቦታ ላይም ያስቸግራል። ለሕመምተኛ እጅ ግን ከጓንት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሥር ለሚንሸራተተው ወገን ደግሞ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ፣ መርፌው ጋ ቀዳዳ ያለው የቴፍሎን ንጣፍ አለ። እሱን ከጓንት ጋር አብራችሁ ስትጠቀሙበት ልዩነቱን እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ደግሞ አጥቡት! ላስቲኩ አቧራና ብናኝ ሲጠጣ መያዝ ያቆማል። በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ነፋስ ላይ አስጡት። ልብስ ማለስለሻ እንዳታስገቡበት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም እንዳትከቱት።

ምርጫችሁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የማንም ምስክርነት አያስፈልጋችሁም። ሠላሳ ሳንቲሜትር በሠላሳ የሆነች ባለሦስት ንብርብር ሙከራ ሥሩ። አምስት ደቂቃ በባዶ እጅ፣ አምስት ደቂቃ በመያዣው። እየሠራችሁ ጥፍራችሁን እዩት። ጥፍራችሁ ነጣ ካለ እየተጫናችሁ ነው። ሮዝ ሆኖ ከቀረ መያዣው ሥራውን እየሠራላችሁ ነው። ከዚያ ትከሻችሁን እዩት፣ ወርዷል ወይስ ተሰቅሏል? ይኸው ነው ፈተናው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማታ ማታ ጣታችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ መልሱ ጓንትም መያዣም አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ይሄን ሁሉ የምለው ለምን መሰላችሁ? በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። ከፍላ በገባችበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ሰው ሁሉ እያየ «ጓንትሽን አውልቂ፣ በዚህ አያያዝሽ መቼም እጅ አይኖርሽም» አለቻት። አወለቀች። ማታ አንጓዋ አብጦ አደረ። «ቲቸር፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ከፍቼው አላውቅም» አለችኝ። ለልጅ ልጇ የጀመረችው ኩዊልት ነበር። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ በእጇ ሥራ የምትተዳደር ሰው ናት። እጇ ከታመመ የሚቆመው ኩዊልቱ ብቻ አይደለም፣ የቤት ኪራዩም ነው። ታዲያ ማን ነው የተማረው? ማንስ ነው የበረታው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው፤ እኛ ደግሞ እጃችንን ራሱን ነው ከመዳብ የቆጠርነው።

ለምታስተምሩ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው። ተማሪን ከመገሠጻችሁ በፊት ወንበሯን እዩላት፣ ጠረጴዛዋን እዩላት፣ ጥፍሯን እዩላት። በሰው ፊት ጓንት አታስወልቁ። የተሠራውን ስፌት ገልብጣችሁ መርምሩ፣ እሱ መብታችሁ ነው። ስፌቱ እኩል ከሆነ፣ ክሩ ካልተንጠለጠለ፣ መስመሩ ከሄደ፣ በምን እጅ ተያዘ የሚለውን ኩዊልቱ አይናገርም፣ የሚተኛበትም አይጠይቅም።

ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናንተ ጨርቁን አትልቀቁ እንጂ ያልሆነ ኩራት የሚባለውን ነገር ዛሬውኑ ልቀቁት። የሚያፍር ካለ በእኔ ያፍር፤ እኔ ጓንቴን አድርጌ ነው የምሠራው።

በምን እንደምትይዙ ከታች ጻፉልኝ፣ ጓንትም ይሁን የጣት ላስቲክም ይሁን ባዶ እጅ። በተለይ ርካሽ ነገር አግኝታችሁ የሠራላችሁ ካላችሁ አትደብቁ፣ ለሌላው ይጠቅማል። በጓንት ሰበብ ሥራ ያቆመች የምታውቁ ከሆነም ይሄን ላኩላት።