«ልትገዛው ነው እንዴ?»

ቦንጋ ላይ ቤት ሊከራይ ሄዶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማ አይወጣም። «ምነው፣ ልትገዛው ነው እንዴ?» ዋጋ ጠይቅ፣ ችግር የለም። ውኃ በስንት ቀን ይመጣል በል፣ ይነግሩሃል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው የግል? እሱም ይመለሳል። ቆጣሪው ጋ ቆመህ «ይሄን ሽቦ ማን ዘረጋው? መቼ ተቀየረ?» ካልክ ግን በቃ፣ ነገረኛ ተከራይ ነህ። ደላላው በጎን እጅህን ይጎትትና «ቲቸር፣ ቤቱ እንዳያመልጥህ» ይልሃል።

እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ከሚገዛው ይልቅ የሚከራየው ነው መጠየቅ ያለበት። የገዛ ሰው ያልወደደውን አፍርሶ ይሠራል። ተከራይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ያስፈቅዳል። ሌላ ሰው በሠራው፣ ሌላ ሰው በሚጠግነው (ወይም በማይጠግነው) ጣሪያ ሥር ልጆቹን አስተኝቶ ያድራል። ታዲያ እሱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

ከተማችን እንዴት እንደተለወጠች ታውቃላችሁ። ዩኒቨርሲቲው መጣ። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች፤ ሠራተኛው በየአቅጣጫው ገባ። ቤት ያለው ሁሉ ከኋላ ሰርቪስ ሠራ፤ ሰርቪስ ያለው ሰርቪሱን ለሁለት ከፈለው። በችኮላ የተሠራ ቤት በችኮላ ተከራየ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ደመወዝተኛው እንኳ ይሁን፣ አፍ አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ የተማሪው ጉዳይ ነው። ከናንተ ስንቶቻችሁ ናችሁ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ከገጠር መጥታችሁ ቤት የተከራያችሁት? አባት መስከረም ላይ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ቆጮና በቆሎ ጆንያ ውስጥ፣ ፍራሽ ትከሻ ላይ። ኪራይ ይከራከራል፣ ሃምሳ ብር ያስቀንሳል፣ «አደራ» ብሎ ይመለሳል። ያ አባት በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ያስሄደዋል፣ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ለምን እንደተሸጠ ያጣራል። ልጁን የሚያስተኛበትን ክፍል ግን መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ሳይሞክር ይሄዳል። አባትየውን አልወቅስም። የከተማ ቤት እንደ በሬ እንደሚመረመር የነገረው የለም።

አምና አንድ ተማሪዬ ሳምንት ሲቀር ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልናገርም። ስድስት ክፍል በአንድ ረድፍ፣ መጨረሻው የሱ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የውኃ ምልክት፣ ከምልክቱ ሥር ግርግዳ ላይ ሶኬት። ሲዘንብ ውኃው በሶኬቱ አጠገብ ይወርዳል። ልጁ መፍትሔ ያለውን አድርጓል፤ ላስቲክ ለጥፏል። አከራይዋን እናት «ይሄ ነገር አደገኛ ነው» ብላቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ከሱ በፊት የነበሩትም ምንም አልሆኑ፣ ልጄ።» እኚህ ሴት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆሎ አቅርበው ነው ያነጋገሩኝ። ግን ይችን መልስ ልብ በሉልኝ። የቤቱን ታሪክ ያውቁታል ማለት ነው። ከሱ በፊትም ያፈስ ነበር። ከሱ በፊት የነበረውም ተናግሯል። ልጁ ሲከራይ ብቻ ማንም አልነገረውም።

በዚያው ግቢ ስድስቱም ክፍል መብራት የሚያገኙት ከአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ክፍል ውስጥ የምንሠራውን ስሌት እዚህ እንሥራው። አንድ ተማሪ 1000 ዋት ስቶቭ ቢሰካ፣ ስድስት ክፍል 6000 ዋት። ለ220 ቮልት አካፍሉት፤ 27 አምፒር ገደማ። አምፖል ለማብራት ታስቦ የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይሄን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ብሬከሩ ቢጠፋ መልካም ነበር፣ ሥራው እሱ ነው። ግን «ቶሎ ቶሎ እየጠፋ አስቸገረን» ተብሎ በትልቅ ተቀይሯል፣ ወይ ፊውዙ በሽቦ ታስሯል። አከራዩ ይሄን «ጥገና» ይለዋል። ስለዚህ ስትከራዩ «ተጠግኗል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ምን ነበር የተበላሸው፣ ማን ሠራው፣ በምን ተካው በሉ።

ቀለምም እንደዚሁ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተማው በሙሉ ቀለም ይሸታል። ተማሪ ሊመጣ ነዋ! ከአዲሱ ቀለም ሥር ሻጋታ አለ፣ ስንጥቅ አለ፣ ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ማገር አለ። ማሳመር መጠገን አይደለም። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባል 24 ፎቅ የኪራይ ሕንፃ ነበር። ታድሶ፣ ከውጭ ልባስ ለብሶ አማረ። ሰኔ 2009 ላይ ከአራተኛ ፎቅ ማቀዝቀዣ የተነሳ እሳት ያንኑ ልባስ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ 72 ሰው ሞተ። ነዋሪዎቹ ከዓመታት በፊት ጀምረው የእሳት አደጋ ሥጋታቸውን ይጽፉ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ጠፋ እንጂ። ሀብታም አገርም ቢሆን የተከራይ ቃል እንዲህ ይናቃል።

የኛ ከተማ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ተዳፋት ነች፣ ዝናቧም አያባራም። ቦታ ሲጠብ ኮረብታው ተቆርጦ ቤት ይገባበታል፤ የክፍሉ የኋላ ግርግዳ አፈር ተደግፎ ይቆማል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ የሆነውን ሁላችንም አልቅሰናል። ከ200 በላይ ሰው፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው። የነሱና የኛ መሬት አንድ ነው አልልም። ግን አፈር ከመንሸራተቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ አጥርና ዛፍ ያዘነብላል፣ ድሮ ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ይላል፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ይወጣል። ይሄን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ደላላውን ትታችሁ አጥር አሻግራችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉም በላይ ከዚያ ቤት የወጣውን ተከራይ ፈልጉ። ለምን ወጣ? ሌላ ማኅደር እስኪኖረን ድረስ የቤቱ ማኅደር እሱ ነው።

«ሕግ የለም» የምትሉኝ አላችሁ። አለ እኮ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ድንገተኛ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ከ1952 ጀምሮ! «አላወቅሁም፣ ዝናቡ ነው» ማለት አያድንም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የግንባታ ፈቃድን በከተማ የሕንፃ ሹም እጅ አስቀምጧል። በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መጣ፤ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ አለ። ጥሩ ነው። ግን ያኔ ስንጨቃጨቅ የነበረው ስለ ብርና ስለ ጊዜ ብቻ ነው። የምከራየው ቤት ያሳድራል ወይ ያለ ሰው አልሰማሁም።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ውል ሲመዘገብ አንድ ገጽ ይጨመርበት፤ ቤቱ መቼ ተሠራ፣ ፈቃዱ ለስንት ክፍል ነው፣ ሽቦው መቼ ተፈተሸ፣ ምን ተበላሽቶ ምን ተጠገነ። አከራይ ይፈርምበት፣ ቅጂው ለሚቀጥለው ተከራይ ይታይ። ማዘጋጃ ቤቶችም የፈቃዱን ማኅደር ተከራይ ሲጠይቅ ያሳዩ፤ እዚያ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነውና።

«ቤት በጠፋበት ጊዜ ማን ይመርጣል? አከራዩ ይሄን ሁሉ ከተጠየቀ ወይ ኪራይ ይጨምራል ወይ ጨርሶ አያከራይም» የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ አልንቀውም። በሰርቪስ ኪራይ የሚኖሩ ባልቴቶች እንዳሉም አውቃለሁ። ግን የጠየቅነው አዲስ ቤት ነው እንዴ? የሚያፈስ ቆርቆሮ መቀየር፣ ሶኬቱን ከውኃው መንገድ ማንሳት፣ ከቤቱ ጀርባ ቦይ መቆፈር፣ የተቸነከረ መስኮት መክፈት ነው። መስኮት ስል እየቀለድኩ አይደለም። በብርዱ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ ልጆች አሉ፤ የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅስም። ቆርቆሮ ውድ ከሆነ ተከራዩ እያወቀ በቅናሽ ይግባ፣ አልጋውን ወዲያ ያርቅ። መርጦ መግባትና ተሸፍኖበት መግባት አንድ አይደለም። ኪራይ ይጨምራል ለሚለው ደግሞ፣ ኧረ ሳንጠይቅስ መቼ ሳይጨምር ቀረ!

መስከረም ሊገባ ነው። ከዴቻ፣ ከጨና፣ ከጊምቦ ገጠር ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ፣ ወይም ታናናሾቻችሁን የምትልኩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ቴስተርና ባትሪ አለኝ። መሰላል ካለው ጎረቤት ጋርም ተስማምቻለሁ። አከራዩ «ልትገዛው ነው እንዴ?» ካለን እኔ እመልሳለሁ፤ እናንተ ጆንያውን ሳታወርዱ ጠብቁኝ።