ደባልና ቆጣሪ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሻይ ላይ፣ አንድ የተከበሩ ጋሼ ያችኑ ነገር አነሧት። «ፈረንጅ ስስታም ነው።» ማስረጃቸውም ያው የታወቀው ነው፦ አብሯችሁ የሚኖር ፈረንጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባስቀመጠው ወተት ላይ ስሙን ይጽፋል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ «እኛ እኮ…» ተጀመረ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እንግዳ ተቀባይ ነን፣ ያለንን ተካፍለን እንበላለን፣ ጉርሻው፣ ቡናው፣ ጉርብትናው። ይህ ዓምድ ከዚህ «እኛ እኮ» ጋር የቆየ ጠብ እንዳለው የምታውቁ ታውቃላችሁ።

እዚህ አፐር አርሊንግተን፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሌን አቬኑ አካባቢ፣ አንድ ቤት ለአራት እንኖራለን። እኔ፣ አንድ የኬረላ ሕንዳዊ፣ አንዲት ቻይናዊት የቼንግዱ ልጅ፣ አንድ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ። ወተት ላይ ስሙን የሚጽፈው የመጨረሻው ነው። ጋሼ አልዋሹም። ይጽፋል፤ ያውም በትልልቁ።

ይኸው ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ምጣዴ የሚበላውን መብራት አንድም ቀን ቆጥሮብኝ አያውቅም። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ለአራት ይካፈላል፣ አለቀ። «የምጣዱን ልጨምር ወይ?» ብዬ ብጠይቀው የምለው አልገባውም። እንዴት ይግባው? አዲስ አበባ ተከራይቶ አልኖረ!

የኖራችሁ ግን ይገባችኋል። በግቢው አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ተከራይ። ሒሳቡ በአምፖል ይካፈላል፤ ቴሌቪዥን ያለው ይጨምራል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ከዚያም በላይ ይጨምራል። ምጣድ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድም አከራይዋ እትዬ በወሰኑት ቀን ብቻ ነው። ውኃ በጀሪካን ይቆጠራል። ልብስ ማጠቢያ ቀን ይመደባል። እንግዳ ካደረ «ማነው ትናንት ያደረው?» ይባላል፤ ከሰነበተ ኪራዩ ላይ ይታሰባል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የግቢው በር ይቀረቀራል፤ አምሽቶ የመጣ ውጭ ቆሞ ከውሻው ጋር ይነጋገር። እትዬ ደግሞ ክፉ ሴት አይደሉም። በፋሲካ ተከራዩን ሁሉ ጠርተው ዶሮ ያበላሉ፣ «በሞቴ» እያሉ ያጎርሳሉ። በማግስቱ የአምፖሉን ሒሳብ ይዘው በር ያንኳኳሉ። ያጎረሰውም የቆጠረውም ያው አንድ እጅ ነው።

ይህን የምለው እትዬን ለማማት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከመጣ ወዲህ ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ማድቤትና ሽንት ቤት እየተጋራ አድጓል። ደባልነትን ማንም አላስተማረንም፤ ተክነንበታል። እንግዲህ ጋሼ፣ ወተት ላይ ስም መጻፍ የፈረንጅ ጠባይ ሳይሆን የደባል ጠባይ ነው። እንግዳን የምንወደው ማጀቱ የኛ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ይሄዳል። ደባል አይሄድም፤ ማጀቱም የማንም አይደለም።

ስለ ሕንዳዊው ደግሞ «ላም ያመልካል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። ልጁ የበሬ ሥጋውን በኮኮናትና በቁንዶ በርበሬ ሲጠብሰው የኛን ጥብስ ያስንቃል። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ነው፤ ዐቢይ ጾምን ኀምሳ ቀን ይጾማል። ፋሲካን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚያከብሩ አንዳንድ ዓመት እኔ ሽሮ ላይ ቁጭ ብዬ እሱ ይፈስካል፤ ያን ሰሞን ማድቤት አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1965 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የአኃት አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የኬረላው ካቶሊኮስም ተቀምጠው ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ሕንዶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለዓመታት ያየናቸውን ሰዎች ስለ ላም ካልሆነ የምንጠይቃቸው አጣን።

ቻይናዊቷ ላይ አልቆይም። «የማይበሉት የለም» ይባልላቸዋል፤ እሷ ግን ጥሬ ሥጋ እንደምንበላ ስትሰማ «ሳይበስል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቢላዬን በሌላ ዓይን ነው የምታየው። እዚሁ ኦሃዮ፣ ከኛ በስተ ምዕራብ ባለችው ስፕሪንግፊልድ፣ የሄይቲ ስደተኞች ውሻና ድመት ይበላሉ የሚለው ወሬ በሴፕቴምበር 2024 ፕሬዚዳንታዊ ክርክር ላይ ሲነገር የከተማዋ ሹማምንት ማስረጃ የለም ብለው ነበር። ከኛም መሐል ወሬውን ያመነ አልጠፋም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ምክንያት «አገራችሁ ምግብ አለ?» እየተባልን የኖርን ሰዎች!

ካነሣሁት አይቀር ስለ ሰፈሩም ልናገር። አፐር አርሊንግተን ጎልፈኛው ጃክ ኒክላውስ ያደገበት፣ ዛፉ የገዘፈ፣ ሣሩ የተስተካከለ ሰፈር ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቶምሰን ወንድማማቾች መሬቱን ሸንሽነው ከሸጡት ወዲህ ለረጅም ጊዜ የቤት ውሉ ላይ ጥቁር እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ይገባ ነበር። አገልጋይ ካልሆነ በቀር። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ አገደ፤ በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የሚገርመው፣ ከውሉ ሁሉ በፊት በ19ኛው መቶ ዘመን እዚሁ ፕሌዛንት ሊችፎርድ የሚባል ጥቁር ባለርስት ነበር። ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ሙያው እኛ ዘንድ ባለሙያው እንዳይሰደብ ምኒልክ አዋጅ ያስነገሩለት ነው። ከ200 ኤከር በላይ መሬት ያዘ። የቤተሰቡ መቃብር ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ በ2020 ትምህርት ቤቱ በአዲስ ሲተካ ከመሬቱ ሥር ሳይነሣ የቀረ አጥንት ተገኘ።

ከወንዙ ማዶም ያው ነው። ጄሲ ኦውንስ ለኦሃዮ ስቴት ሲሮጥ በግቢው ማደሪያ መኖር ስላልተፈቀደለት ከጥቁር ጓደኞቹ ጋር ውጭ ነበር የሚያድረው። በሜይ 1935 በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አራተኛውን ሲጋራ፣ ሰውየው ደባል ነበር።

ይህን ለኬረላው ልጅ ሳወራለት ኦውንስን አልፎ «አገልጋይ ካልሆነ በቀር» ላይ ቆመ። «እናንተ ቤት ምግብ የምታበስለው ልጅ የት ነበር የምታድረው?» አለኝ። ማድቤት ነዋ። ከጓሮ ሰርቪስ ያለው ሰርቪስ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም የገባ ደግሞ ምድጃው ሥር ፍራሽ አንጥፎላት። እንግዳ ሲመጣ የተነጠፈ አልጋ ይለቀቅለታል፣ እሷ ውኃ አሙቃ እግሩን ታጥባለች፣ ሁሉም በልቶ ሲነሣ የተረፈውን ትበላለች። ያ ሁሉ «እንግዳ ተቀባይ ነን» የምንለው በማን ጉልበት እንደሆነ ሻይ ላይ የሚያነሣው የለም። የአፐር አርሊንግተን ውል ክፋቱን በጽሑፍ አስቀመጠው፤ እኛ መጻፍ አላስፈለገንም።

«የኛ ሠራተኛ እኮ የቤተሰብ አባል ናት» የሚል ደብዳቤ እንደሚመጣልኝ ካሁኑ አውቃለሁ፣ ጋሼም ሳይጽፉ አይቀሩም። ጻፉ፤ አነባለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ደመወዟን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምታርፍና የምታድርበት ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ጨምሩልኝ።