ሮቦት መጥረጊያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እሱ ከእናንተ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር እየተመላለሰ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቲቸር፣ የሚጠርግና የሚወለውል ሮቦት ልገዛ ነበር፤ የትኛው ይሻላል?» ከጠያቂዎቹ ገሚሱ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ አፓርታማ የገቡ ናቸው። ገሚሱ ደግሞ አሜሪካና ዱባይ ሆነው ለእናታቸው ሊልኩ ያሰቡ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

ይቺን ሞዴል ግዙ አልላችሁም። ዛሬ የምጠራው ሞዴል ከርሞ ከገበያ ይጠፋል። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሻጩ ሮቦቱ ምን እንደሚሠራላችሁ ሲዘረዝር ይውላል፤ ሮቦቱ ከእናንተ ምን እንደሚፈልግ ግን አይነግራችሁም። ውሃ ይፈልጋል። መብራት ይፈልጋል። መለዋወጫ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ቤታችሁን በካሜራ ማየት ይፈልጋል። ልትሰጡት የምትችሉትን ብቻ የሚጠይቃችሁን ምረጡ። ከዚያ የተረፈው ማስታወቂያ ነው።

በየተራ እንያቸው።

1. ስለዚያ ትልቅ ቁጥር

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፓስካል ነው። 5,000፣ 10,000፣ አሁን አሁን ከ20,000 በላይ የሚሉም መጥተዋል። ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው። ይህ የመሳብ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ማሽኑ አፉ ተዘግቶ ሲስብ የሚደርስበትን ጣሪያ ነው። ስትሮውን በጣታችሁ ዘግታችሁ ብትስቡ ጉንጫችሁ ይሰረጉዳል፤ ጁስ ግን አይመጣም። ወለል ላይ ያለው አቧራ የሚነሳው በሚያልፈው አየር ብዛትና በብሩሹ ሥራ ነው።

ለአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው እፍጋቱ። በዚያው ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 8,000 ፓስካል የለካ ማሽን እዚህ ሲመጣ ወደ 6,000 ይጠጋል ማለት ነው። ለሴራሚክና ለፓርኬ ይሄም ይበቃል። ስለዚህ ለቁጥሩ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ገንዘባችሁን የምታወጡ ከሆነ መንገዱን በሚያገኝበት ዘዴ ላይ አውጡ። ርካሾቹ ግድግዳ እየገጩ በዕድል ይዞራሉ፤ አንዱን ጥግ አራት ጊዜ ጠርገው ሌላውን ይረሱታል። ላይዳር ያላቸው ግን በሌዘር ርቀት እየለኩ የቤቱን ካርታ ይሠራሉ፤ በጨለማም ይሠራሉ። አብዛኞቹ ላይዳሩ አናታቸው ላይ እንደ ትንሽ ቆብ ስለሚቀመጥ ከፍታቸው ወደ 10 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ የሶፋችሁንና የአልጋችሁን ሥር ለኩ። የበሩን ደፍም ለኩ። ብዙዎቹ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣሉ፤ ከዚያ ከፍ ካለ በር ላይ ቆሞ ይጣራል።

2. ውሃ

«ራሱ ይወለውላል» የምትለዋ ቃል ናት ብዙ ሰው የምታታልለው። ሦስት ዓይነት መወልወያ አለ። አንደኛው ከሥሩ የረጠበ ጨርቅ የሚጎትት ነው፤ ቀለል ያለ አቧራ ያነሳል፣ የደረቀ ወጥ ግን አያስለቅቅም። ሁለተኛው ሁለት ክብ ጨርቅ እያሽከረከረ ይፈትጋል። ሦስተኛው እየተንከባለለ ራሱን የሚያጥብ ሮለር ነው። ኋለኞቹ ሁለቱ የተሻለ ይወለውላሉ፤ ግን ሲመለሱ ጨርቃቸውን የሚያጥብላቸው ትልቅ ማደሪያ አብሮ ይመጣል።

ማደሪያው ሁለት ጋን አለው፤ አንዱ የንጹሕ ውሃ፣ አንዱ የእጣቢ። ንጹሑን የሚሞላው ሰው ነው። እጣቢውን የሚደፋውም ሰው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከተረሳ ሳሎኑ የረጠበ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በጀሪካን ከተጠራቀመው ላይ ለሮቦቱ መቀነስ አለ። ቤታችሁ ታንከር ካለውና እጣቢውን በየቀኑ የሚደፋ ሰው ካለ ማደሪያው ይጠቅማችኋል። ከሌለ መጥረጉን ለሮቦቱ ስጡት፣ መወልወሉን በሳምንት አንዴ በእጃችሁ አድርጉት። ዋጋውም በብዙ ይወርዳል።

3. መብራት

ይሄ በተለይ ከአሜሪካ ለምትልኩ ነው። እዚያ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ቀላል ማደሪያ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። አቧራ የሚመጥ ሞተርና ጨርቅ የሚያደርቅ ማሞቂያ ያለው ትልቁ ማደሪያ ግን ለአንድ አገር ቮልቴጅ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ «ኢንፑት» በሚለው መስመር 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ።

ባትሪውንም አስቡ። የብዙዎቹ ባትሪ 14.4 ቮልት፣ 5.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 75 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። አየር መንገዶች ፈቃድ የሚጠይቁበት መነሻ 100 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከዚያ በታች ነው። ለብቻው የተገዛ ትርፍ ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ሮቦቱ በባትሪው ይቀጥላል። ወደ ማደሪያው የሚመራው ምልክት ግን ከማደሪያው ራሱ የሚወጣ ስለሆነ ያኔ መጥፋቱ አይቀርም። በር ጥግ ላይ ቆሞ ብታገኙት ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

4. የኛ ቤት ወለል

እነዚህ ማሽኖች ሲነደፉ የቡና ሥነ ሥርዓት አልታሰበም። ቄጠማ ተጎዝጉዞ ሮቦቱ ከተለቀቀ ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ ያቆመዋል። የነጠላ ዘርፍ፣ የስጋጃ ጫፍ፣ የቻርጀር ገመድ፣ የሴቶች ሂዩማን ሄር ሁሉ እንደዚያው ነው። ጥቁር ስጋጃ ያለው ሰው ደግሞ ሮቦቱ ስጋጃው ላይ አልወጣም ብሎ ሲመለስ ያየዋል። ከሥሩ ያሉት ሴንሰሮች ብርሃን ልከው የሚመለሰውን ነው የሚያነብቡት፤ ጥቁር ነገር ብርሃኑን ስለሚውጠው ደረጃ ጫፍ የደረሰ ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ፍም ነው። ከዕጣን ማጨሻው የወደቀች ትንሽ ፍም በሮቦቱ ከተሳበች የምትገባው ደረቅ አቧራና ፀጉር የሞላበት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ሊቲየም ባትሪ አለ። ቡና በተፈላበት ሰዓት ሮቦቱ በፕሮግራም እንዳይነሳ አድርጉት። ይሄን እንደ ቀልድ አትዩት።

5. ኢንተርኔትና መለዋወጫ

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሻጭ ጋር የማልስማማው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒቶ የሚባል የአሜሪካ ሮቦት መጥረጊያ አምራች ነበር። ጥሩ ዕቃ ይሠራ ነበር። በ2023 ተዘጋ። ባለቤቱ የጀርመኑ ፎርቨርክ የደንበኞቹን ሰርቨር ለአምስት ዓመት አቆየዋለሁ ብሎ ነበር፤ በ2025 ግን መዝጋቱን አስታወቀ። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ብሩሹ ደህና ነው፤ አፑ ግን የሚያናግረው ሰርቨር አጣ። ለባለቤቶቹ የቀረችላቸው ማሽኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ናት። ሩምባን በ2002 ለዓለም ያስተዋወቀው አይሮቦት እንኳ በ2025 መጨረሻ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አስገብቷል። ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም ለማለት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የምትሉት ይሄን ነው። «ዋይፋዩን አጥፋውና አስነሳልኝ።» ቁልፉን ተጭኖ ከጠረገና ወደ ማደሪያው ከተመለሰ አንድ ፈተና አለፈ። ያለ አፕ አልነሳም ካለ የገዛችሁት ዕቃ ሳይሆን ኪራይ ነው።

ስማርት ሆም ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ፣ ማተር የሚባለው የጋራ መግባቢያ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሮቦት መጥረጊያን አካቷል። ማተር የሚደግፍ ከሆነ ከአምራቹ አፕ ውጭ በቤታችሁ ኔትወርክ ልታዙት የምትችሉበት በር ይኖራችኋል። በእጃችሁ መነካካት የምትወዱ ደግሞ ቫሌቱዶ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ፈልጉ፤ የተወሰኑ ሞዴሎችን ከአምራቹ ሰርቨር ነፃ ያወጣል። አብዛኞቹ ሮቦቶች የሚገቡት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው፤ ራውተራችሁ 5 ብቻ እያሰራጨ «አልገናኝ አለኝ» አትበሉኝ።

መለዋወጫም እንደዚሁ ነው። ፊልተር፣ የጎን ብሩሽ፣ ዋናው ብሩሽ፣ ጨርቅ በየጥቂት ወሩ ይቀየራል፤ በኛ አቧራ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከውጭ የምትልኩ ከሆነ የአንድ ዓመት መለዋወጫ በዚያው ካርቶን ጨምሩ።

6. ካሜራ

አንዳንድ ሮቦቶች ጫማና ገመድ ለማወቅ ፊታቸው ላይ ካሜራ አላቸው። ሥራቸውን ያሻሽላል፣ አልክድም። ግን በ2022 መጨረሻ ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው ያወጣውን ዘገባ አስታውሱ። የሩምባ የሙከራ ሞዴሎች በሰዎች ቤት ውስጥ ያነሷቸው ፎቶዎች፣ ምስሎቹን ለማሽን ትምህርት ይለዩ በነበሩ ሠራተኞች በኩል ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥተው ተገኙ። አንዷ ሴት ሽንት ቤት ተቀምጣ የተነሳችበትም ነበር። ኩባንያው ማሽኖቹ ለገበያ የቀረቡ እንዳልሆኑና ተሳታፊዎቹም ፈርመው እንደተቀበሉ ተናግሯል። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰርጎ ገቦች የኢኮቫክስ ሮቦቶችን ተቆጣጥረው በድምፅ ማጉያው የዘር ስድብ አሰምተዋል። ሁለቱም የታወቁ አምራቾች ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ የገዛው ሰው ብቻ አይደለም። እሱ ቢያንስ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭኗል። ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ግን ምንም አልተጫነችም። ለጥየቃ የመጡት አክስትም አልተጫኑም። ከቨርጂኒያ ሆኖ በስልኩ የእናቱን ሳሎን ማየት የሚችል ልጅ፣ ያቺ ልጅ ስትሠራና ስታርፍም እያየ ነው። ልባችሁ ንጹሕ ቢሆንም ሳይነግሯት ማየት ነውር ነው። ስለዚህ ካሜራ የሌለው ላይዳር ያለው ግዙ። የግድ ካሜራ ያለው ከሆነ በቤቱ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ሁሉ በግልጽ ንገሩ፤ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም አታስገቡት።

ለእናቶቻችሁ ለምትልኩ

ጎንበስ ብሎ ወለል መወልወል ጉልበትና ወገብ እንደሚጨርስ አውቃለሁ። ሐሳባችሁ ደግ ነው። ግን መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቋቸው። «እማዬ፣ ውሃውን ማን ይሞላዋል? ሲጣበቅ ማን ያነሳዋል?» ብላችሁ። መልሱ «እኔው ነኛ» ከሆነ ትልቁን ማደሪያ ከነጋኖቹ አትላኩባቸው። ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሱት፣ አቧራው በእጅ የሚደፋ ቀላል መጥረጊያ ላኩ። የተረፈውን ገንዘብ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ለምትረዳቸው ሰው ደመወዝ አድርጉት። እሷ ደፉንም ደረጃውንም ትሻገራለች፣ ቄጠማውንም ታነሳለች፣ ከሳቸው ጋርም ቡና ትጠጣለች።

ባጭሩ የምመክረው ይሄ ነው። ላይዳር ያለው፣ ካሜራ የሌለው፣ ያለ ዋይፋይ በቁልፍ የሚነሳ፣ መለዋወጫው የሚገኝ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ። ጨርቅ የሚያጥብ ማደሪያ ውሃና ሰው ላለው ቤት ብቻ።

የገዛችሁና የተጠቀማችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ በተለይ መለዋወጫ ከየት እንደምታገኙ ለሌላው ይጠቅማል። ፓስካል ምን ነበር የምትሉኝ ግን የፊዚክስ ደብተራችሁን አውጡ።