የቀጭኗ ላፕቶፕ ነገር

ሰሞኑን አብረውኝ ጋዜጠኝነት የተማሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ቀጭን ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ትያለሽ?» አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ አንዷ ለሬዲዮ ዘገባ ትልካለች፤ ሌላዋ ደግሞ እዚሁ ጠዳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት ነው። የሚገዙት በብድር ወይም በእቁብ ብር ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ፦ ባትሪ ግዙ እንጂ ቅጥነት አትግዙ!

ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያዋን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዝዞ ያሳየው በጥር 2000 ዓ.ም. ነው (እኛ ሚሌኒየማችንን በተቀበልን በአምስተኛው ወር መሆኑ ነው)። ክብደቷ 1.36 ኪሎ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግን ሲዲ ማጫወቻ የላትም፤ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላትም፤ ዩኤስቢዋ አንድ፤ ባትሪዋም የታሸገ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጥነት የሥራ ሰው ምልክት ሆነ። እንግዲህ የቀጠነ ነገር የሆነ ቦታ ተቆርጦለታል። የተቆረጠው ነገር ጠዳ ላለ ሰው ያስፈልገዋል ወይ? ነው ጥያቄው።

ለምሳሌ ሚሞሪ ካርድ። የሚዲያ ሰው ቀኑን ሙሉ ከካሜራ ካርድ እያወጣ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡት ማክቡክ ኤሮች የካርድ መሰኪያ የላቸውም። አስማሚ ትገዛላችሁ፤ አስማሚው ይጠፋል፤ ሠርጉ ግን አይጠብቅም። ወይም ዩኤስቢን ውሰዱ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፋይል የሚጓዘው በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ያኔ ቀዳዳ የበዛለት ላፕቶፕ ጌታ ነው።

ኪቦርድ ደግሞ ማንም የማያነሳው ጉዳይ ነው። የውጭዎቹ ገምጋሚዎች የሚሞክሩት በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ፊደል በሁለት ቁልፍ ነው የምንጽፈው። «ጠዳ» ሁለት ፊደል ናት፤ አራት ቁልፍ ትበላለች፣ ሺፍቱን ሳንቆጥር። አንድ ገጽ ዜና ስትጽፉ ጣታችሁ የሚሠራውን አስቡት። በዚያ ላይ አቧራ አለ። አፕል ላፕቶፖቹን ለማቅጠን እ.ኤ.አ. በ2015 ያመጣው «ቢራቢሮ» የተባለው ኪቦርድ ቁልፎቹ እየተጣበቁ ስላስቸገሩ በ2018 ኩባንያው ራሱ ነፃ የጥገና ፕሮግራም ለማወጅ ተገዷል። ያ የሆነው አስፋልት በሞላበት አገር ነው! በባጃጅ ከአዘዞ ጠዳ የሚመላለሰውስ ምን ይበል?

ወደ ብሩ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። የ1,000 ዶላር ላፕቶፕ በአንድ ክረምት ከ57 ሺህ ወደ 100 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይደመር። በዚህ ዋጋ የገዛችሁት ዕቃ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ማሳደግ የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱን ቢመታው ደግሞ ዕቃው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን። እስከዚያ ሥራው ቆመ። ብድሩ ግን አይቆምም።

እኔ ብትጠይቁኝ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 የመሰለ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. የ2018 ምርት ነው፤ ውበት የለውም፣ ጡብ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ሁለት ባትሪ አለው፤ የኋላውን ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ ትተካላችሁ። ራሙ ይቀየራል፤ የካርድም የኔትወርክ ገመድም መሰኪያ አለው። ከቀጭኗ በግማሽ ኪሎ ገደማ ቢከብድ ነው። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ማለት ነው፤ እናቶቻችን ከገበያ ስንት ኪሎ ነው የሚሸከሙት?

ለቀጭኗም ፍርድ አልነፍግም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣችው ኤም1 ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የላትም፤ ድምፅ ስትቀዱ አትጮህም። አፕል ቪዲዮ እስከ 18 ሰዓት ታሳያለች ይላል፤ ግማሹን እንኳ ብትሰጥ መብራት በሚሄድበት ቀን ትልቅ ነገር ነው። ድምፅና ጽሑፍ ብቻ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ብሩ ካላት ትግዛት። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ግን በፍጹም! ያን ብር ለፕሪንተርና ለስታቢላይዘር ታውለው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ኢንቴሉ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ከሆነ እለፉት። ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውንና አሁን የቀረለትን አቅም ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ሻጩ «አዲስ በሉት» ካላችሁ፣ ሪፖርቱን አውጣልን በሉትና ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ።